ቴክሳስ የገባ ጓደኛዬ ብድሬን አልመልስ አለ፤ ከሜሪላንድ ሆኜ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ከስልቨር_ስፕሪንግ
ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ማርች 2022 ላይ ለአንድ አብሮ አደጌ 9,500 ዶላር አበደርኩት። ያን ጊዜ ሁለታችንም እዚሁ ሜሪላንድ ነበርን። የትራክ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ የራሱን ትራክ ሊገዛ ሲል ዳውን ፔይመንት ጎደለው። «በዓመቱ ሙሉውን እመልስልሃለሁ» አለኝ። 7,000ውን ከባንክ ወደ ባንክ፣ የቀረውን በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ላክሁለት። አበልጆች ነን፤ ትንሹን ልጄን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። በመካከላችን ወረቀት የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም።

ዓመቱ ሳይሞላ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቴክሳስ ሄደ፤ አሁን ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው የሚኖረው። ስጠይቀው «ሎድ (የሚጫን ዕቃ) ጠፍቷል፣ ትንሽ ታገሰኝ» ሲል ቆየ። ጁን 2024 ላይ 1,200 ዶላር በቼክ ላከልኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም፤ ቴሌግራም ላይ የጻፍኩለትን አይቶ ዝም ይላል። በቅርቡ ደግሞ ለጋራ ወዳጆቻችን «ብድር አይደለም፤ ትራኩ ላይ አብሮኝ ገብቶ ነው፤ ሥራው ሲከስር እሱም ከሰረ» ማለቱን ሰማሁ። ከገንዘቡ ይልቅ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። እኔ ያንን ትራክ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

የቀረው 8,300 ዶላር ነው። ትልቋ ልጄ በመጪው ዓመት ኮሌጅ ትገባለች። አንዳንዱ «ወረቀት ከሌለህ እርሳው» ይለኛል። ሌላው «ስቴቱን ለቆ የሄደን ሰው መክሰስ አይቻልም» ይላል። እውነት ነው?

ቆፍጣናው
ፎቶውን ቲክቶክ ላይ ለጥፈው። ሀበሻ የሚፈራው ፍርድ ቤት አይደለም፣ ስሙ እንዳይነሳ ነው። በሳምንት ውስጥ ይከፍልሃል።

እህት_ከአርሊንግተን
ወንድሜ፣ የነገሩህ ሁለቱም እውነት አይደለም። ጠበቃ አይደለሁም። ቨርጂኒያ ውስጥ በጠበቃ ቢሮ ስለምሠራ እንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙ አይቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ስለ ወረቀቱ። እዚህ አገር የቃል ብድርም ውል ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሊፈጸም የማይችል ውል በጽሑፍ መሆን አለበት የሚል ደንብ አለ፤ ያንተ ግን በዓመቱ ይመለሳል የተባለ ስለሆነ ከዚያ ያመልጣል። ፍርድ ቤት የምታስረዳው ሦስት ነገር ነው፤ ገንዘቡን መስጠትህን፣ የሚመለስ መሆኑን፣ አለመመለሱን። የመጀመሪያውን የባንክ ወረቀትህ ይናገራል። ሦስተኛውንም ከፍያለሁ ካላለ አይክደውም። ጦርነቱ ያለው መካከለኛው ላይ ነው፤ «ስጦታ ነው» ወይም «ሽርክና ነው» ሊል የሚችለው እዚያ ላይ ነው። እንደነገርከን ደግሞ ከወዲሁ ጀምሮታል።

ስለዚህ ሌላ ነገር ሳታደርግ ዛሬውኑ ቴሌግራሙን አድነው። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የጻፈውን ከሁለቱም ስልክ ላይ መሰረዝ ይችላል፤ የቆየ መልእክት ቢሆንም። «እመልስልሃለሁ»፣ «ታገሰኝ» ያለባቸውን ሁሉ ቀኑና ስሙ እንዲታይ አድርገህ ስክሪንሾት አንሳ፤ በኮምፒውተር ገብተህም ሙሉውን ውይይት ኤክስፖርት አድርግ። የድምፅ መልእክት ካለም አውርደህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ።

ሁለተኛ፣ ያንን የ1,200 ዶላር ቼክ ፎቶ ከባንክህ አውጣ። ከታች በግራ በኩል ባለው የማስታወሻ መስመር ላይ ምን ጽፏል? አይተህ ንገረኝ።

ቆፍጣናው ያለውን ግን አታድርግ። ሰውን በአደባባይ ሌባ ማለት ራስህን የስም ማጥፋት ተከሳሽ ሊያደርግህ ይችላል። ዳኛ ፊት ስትቀርብም ያ ቪዲዮ ካንተ በፊት ይደርሳል።

የጋርላንዱ_ሹፌር
እኔም ትራክ ነኝ፣ እዚሁ ጋርላንድ። ስለ ሰውየው የማውቀው ነገር የለም፤ ስለ ሥራው ግን አንድ ነገር ልበል። በ2022 መጀመሪያ ሎድ ጣራ ነክቶ ነበር፤ ያገለገለ ትራክ ራሱ ዋጋው እሳት ነበር። ያን ጊዜ በውድ የገዛ ሰው ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ሲወርድ ክፍያውና ኢንሹራንሱ አነቀው። ብዙ ልጆች ትራካቸውን መልሰው አስረክበዋል። እያመካኘሁለት አይደለም፤ ዕዳ ዕዳ ነው። ግን ምናልባት የምታስበውን ያህል የደላው ላይሆን ይችላል። ከመክሰስህ በፊት ትራኩ አሁንም እጁ ላይ መሆኑን፣ ለራሱ እየነዳ ይሁን ለሰው ተቀጥሮ፣ ብታጣራ ጥሩ ነው።

ጋሼ_ከሚኒሶታ
ልጄ፣ ጉዳይህን አነበብኩት። አበልጅነት ቀላል ዝምድና አይደለም፤ ለዚህ ነው የከበደህ። ሕጉን የሚያውቁት ይንገሩህ፤ እኔ ስለ ሽምግልና ልናገር።

ብዙ ሰው ሽማግሌ የሚልከው ከራሱ ወገን ነው። ይሄ ተበዳሪውን ያስበረግገዋል፣ የተላከበት መስሎ ይታየዋልና። ሽማግሌ እሱ ከሚያፍረው ሰው መሆን አለበት። ዳላስ አካባቢ ብዙ አበሻ አለ፤ የሚሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ይኖራል፣ እድር ውስጥ ይኖራል፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። የንስሐ አባቱን ካወቅህ ከእሳቸው ጀምር። ሁለት ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጉባኤ ይሆንና ያዋርደዋል፤ የተዋረደ ሰው ደግሞ ይክዳል።

ሽማግሌው ሲሄድ «ክፈል» ብሎ አይጀምርም። «ስንት አለብህ?» ብሎ ይጀምራል። በገዛ አፉ ቁጥሩን ከተናገረ ያ የሽርክና ወሬ እዚያው ይቆማል። ከዚያ በወር ስንት እንደሚችል ራሱ እንዲናገር ይተዉለት። አንተ 500 ብለህ እሱ ከሚያፈርስ፣ እሱ 250 ብሎ ቢጠብቀው ይሻላል።

እህት_ከአርሊንግተን
የጋሼን ምክር ከልቤ እደግፋለሁ፤ እኛ ቢሮ ከሚመጣው የዚህ ዓይነት ጉዳይ ስንቱ እንዲህ ቢጀመር ባለቀ ነበር። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ሽምግልና እየተካሄደ ይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው የጊዜ ገደብ፣ አይቆምም።

ያንተን ቀን እንቁጠረው። መክፈያው ማርች 2023 ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ለተራ ውል ይርጋው 3 ዓመት ስለሆነ ማርች 2026 ላይ ይሞላል ማለት ነው። ቴክሳስ ለዕዳ 4 ዓመት ይሰጣል፤ እስከ ማርች 2027። በከፊል መክፈሉ ወይም ዕዳውን ማመኑ ሰዓቱን እንደገና ሊያስጀምር ይችላል፤ ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል። ቴክሳስ ለምሳሌ ማመኑ በጽሑፍና በፊርማ እንዲሆን ይፈልጋል። ስለዚህ በቼኩ ተማምነህ ቀኑን አታሳልፍ። «መቼ ትመልስልኛለህ» ሳይባባሉ ያበደሩ ሰዎች የበለጠ ይጠንቀቁ፤ በብዙ ስቴት እንዲህ ያለ ብድር ይርጋው የሚቆጠረው ገንዘቡ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው።

ከስልቨር_ስፕሪንግ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ቼኩን ከባንክ አፕ ላይ አወጣሁት። የማስታወሻው መስመር ላይ በእንግሊዝኛ «ለብድር» የሚል ቃል አለ፣ በእጁ ጽፎት። እኔ እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር።

አንድ ጥያቄ፦ ወንድሜ «ደውልለትና ሳትነግረው ቅረጸው» እያለኝ ነው። ይቻላል?

እህት_ከአርሊንግተን
በጭራሽ! አንተ ያለኸው ሜሪላንድ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የስልክ ንግግርን ያለ ሁሉም ወገን ፈቃድ መቅዳት ከባድ ወንጀል ነው። ቨርጂኒያ፣ ዲሲና ቴክሳስ የአንድ ወገን ፈቃድ ይበቃቸዋል፤ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ግን እንደ ሜሪላንድ ናቸው። እሱ ራሱ ቀርጾ የላከልህ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሌላ ነው፤ እሱን ተጠቀምበት።

ቼኩ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጠቅምሃል። አሁን፣ ብድር መሆኑን በራሱ እጅ ጽፎልሃል። ለሽርክና ትርፍ የሚልክ ሰው «ለብድር» ብሎ አይጽፍም። ኋላ ደግሞ፣ ፍርድ ካገኘህ፣ ቼኩ ላይ የባንኩ ስምና የሒሳብ ቁጥሩ አለ። ብዙ ሰው ፍርድ ይዞ የተበዳሪውን ባንክ ስለማያውቅ ነው የሚንከራተተው። ፎቶውን በደንብ አስቀምጠው።

ቆፍጣናው
እሺ ቲክቶኩን ተውኩት። ግን ሚስቱ ወረቀቷ ገና ነው ካልክ... ይሄን እኮ አንድ ቃል ብትነግረው ይደነግጣል።

ያለፈብኝ
ወንድሜ ቆፍጣናው፣ እባክህ። መጀመሪያ ነገር እሱ ስለ ሚስቱ ምንም አላለም። ቢልም እንኳ፣ በዚህ አገር ሰውን በኢሚግሬሽን አስፈራርቶ ገንዘብ መጠየቅ ወንጀል ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሕጋቸው ውስጥ በግልጽ ጽፈውታል። «ፖሊስ እጠራብሃለሁ፣ አስርሃለሁ» ማለትም አይሆንም፤ እዚህ ሰው በግል ዕዳ አይታሰርም፣ በማስፈራራት ገንዘብ የጠየቀው ግን ሊታሰር ይችላል።

እኔ በሌላው በኩል የነበርኩ ሰው ነኝ። ትዳሬ በፈረሰ ጊዜ ከእህቴ ጓደኛ ገንዘብ ወስጄ መመለስ አቃተኝ። ስልኳን የማላነሳው ንቄያት አልነበረም። የምላት ቁጥር ስላልነበረኝ ነው። ሙሉውን ካልሆነ መደወል አይገባኝም ብዬ አስብ ነበር። አንድ ቀን «በወር 100 ዶላርም ይሁን፣ ብቻ አትጥፊብኝ» ብላ ጻፈችልኝ። በዚያው ሳምንት ጀመርኩ። አሁን ጨርሻለሁ፤ ልጄ ስትመረቅ አብራን ነበረች። ሁሉም ሰው እንደ እኔ ነው አልልም። የካደ ሰው ከሆነ ክሰሰው። ግን ከክሱ በፊት የሚደርሰው ደብዳቤ ለትንሽ ክፍያም በር ይክፈት።

ከስልቨር_ስፕሪንግ
እህቴ፣ ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። አንብቤው ቆየሁ።

ሌላ ነገር ላክልበት፤ ባለፈው ዓመት በሰው በኩል «ወንድሜ አዲስ አበባ ላይ በብር ለእናትህ ይስጥ» ብሎኝ ነበር፤ ግን በተበደረበት ጊዜ በነበረው ምንዛሬ። እናቴ ስለምትቸገር ልቀበል ፈልጌ ነበር። ደግሞ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አለው፤ እዚያ መክሰስ ይቻላል?

ጠበቃ_ከአዲስ_አበባ
ከዚህኛው በኩል ልመልስልህ። በተበደረበት ጊዜ ማለት ማርች 2022 ነው፤ ያን ጊዜ ባንክ አንድን ዶላር የሚመነዝረው በ50 ብር ገደማ ነበር። ከጁላይ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ነው። የሚልህን ብትቀበል ከገንዘብህ ከግማሽ በላዩን ተውኩልህ ማለትህ ነው። ያበደርከው ዶላር ነው፣ የሚመለሰውም ዶላር ነው።

እዚህ መክሰስን በተመለከተ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ላንተ እዚያው አሜሪካ ይሻልሃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። ያገራችን ሰው «ወረቀት ከሌለህ እርሳው» የሚለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። እዚህ ለሚኖር ልክ ነው፤ እዚያ ላለኸው ግን ያ ደንብ አይሠራብህም።

«አሜሪካ ፈርዶልኝ ኮንዶሚኒየሙ ላይ ላስፈጽም» ብትልም ቀላል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 458 የውጭ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም ከሚጠይቃቸው አንዱ፣ ያ አገርም የእኛን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑ ነው። ይህን ማስረዳት ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ለ8,300 ዶላር ብዬ አልመክርህም።

አውሮራ_ኮሎራዶ
ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፦ የት ነው የሚከሰው? እኔም ላስቬጋስ ያለ ሰው አለብኝና ለራሴም ነው የምጠይቀው።

እህት_ከአርሊንግተን
በመሠረቱ ሰው የሚከሰሰው በሚኖርበት ነው። ውሉ የተደረገበት ስቴትም ብዙ ጊዜ ሥልጣን አለው። ስልቨር ስፕሪንግ ሁለቱም መንገድ አለህ፤ ገንዘቡን ስትሰጠው ሁለታችሁም ሜሪላንድ ነበራችሁ። ግን ሜሪላንድ ስሞል ክሌም (አነስተኛ ገንዘብ በቀላል ሥርዓት የሚታይበት ክስ) እስከ 5,000 ዶላር ብቻ ነው። 8,300 ዲስትሪክት ኮርት ይታያል፣ ግን እንደ መደበኛ ክስ ነው፤ ሥርዓቱ ጠበቅ ይላል። ፈርዶልህም ፍርዱን ወስደህ ቴክሳስ ማስመዝገብ አለብህ። የፌዴራል ሕገ መንግሥቱ አንዱ ስቴት የሌላውን ፍርድ እንዲያከብር ስለሚያዝ ይመዘገብልሃል፤ ግን ሌላ ወጪና ሌላ ጊዜ ነው።

ቴክሳስ በቀጥታ ብትከስ ጀስቲስ ኮርት የሚባለው አነስተኛ ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት እስከ 20,000 ዶላር ያያል፤ ያለ ጠበቃ መቅረብ የተለመደ ነው። ክሱ የሚገባው እሱ በሚኖርበት ካውንቲና በዚያ ውስጥ ባለው ቀበሌ ነው። ቀበሌ ያልኩት እነሱ ፕሪሲንክት የሚሉትን ነው፤ አድራሻው የትኛው ውስጥ እንደሆነ በካውንቲው ድረ ገጽ ላይ ታገኘዋለህ። በብዙ ቦታ ኢፋይል ቴክሳስ በሚባለው የክስ ማስገቢያ ድረ ገጽ ላይ ከቤትህ ሆነህ ማስገባት ትችላለህ። መጥሪያው ሲደርሰው መልስ ለመስጠት 14 ቀን አለው። ካልመለሰ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ወታደር አለመሆኑን በመሐላ ታረጋግጣለህ። ለችሎቱ ዳኛው ከፈቀደ በቪዲዮ ልትቀርብ ትችላለህ፤ ቀድመህ በጽሑፍ ጠይቅ። ቴክሳስ ሎው ሄልፕ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ቅጾቹ ከነማብራሪያቸው በነጻ አሉ።

አውሮራ፣ ላንተ፦ ኔቫዳ ስሞል ክሌም እስከ 10,000 ነው። ኮሎራዶ 7,500። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ስሞል ክሌሟ ለግለሰብ 12,500 ድረስ ቢሆንም ከስቴቱ ውጪ የሚኖርን ሰው ከጥቂት ሁኔታ በስተቀር እዚያ መክሰስ አይቻልም።

የጋርላንዱ_ሹፌር
መጥሪያው ላይ ችግር አለ። ትራክ ነጂ ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ነው፣ ቤት አይገኝም። የኔን ጎረቤት እንዲሁ ኮንስታብል (መጥሪያ የሚያደርሰው የካውንቲ መኮንን) እየተመላለሰ አጥቶት ነበር።

እህት_ከአርሊንግተን
ጥሩ ነጥብ ነው። ተሞክሮ ካልተገኘ፣ ያንን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይዘህ በሌላ መንገድ እንዲደርሰው ለዳኛው ማመልከት ይቻላል፤ ለምሳሌ ቤት ላለ ሌላ ዐዋቂ ሰው በመስጠት። መጀመሪያ ግን አድራሻው ትክክል ይሁን። ክስ የሚጓተተው አብዛኛውን ጊዜ በአድራሻ ነው።

ሌላ የምትረሳው ነገር ትርጉም ነው። መልእክቶቻችሁ በአማርኛ ናቸው፣ ገሚሱም በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ይሆናል። ዳኛው አያነበውም። ወሳኞቹን መርጠህ፣ ከየመስመሩ ትይዩ እንግሊዝኛውን አስተርጉም፤ ተርጓሚው ትክክል መሆኑን ፈርሞበት። ያንተው ወገን ባይሆን ይመረጣል። ለችሎቱ የአማርኛ አስተርጓሚ ካስፈለገህም ቀደም ብለህ ለጸሐፊው አሳውቅ።

አውሮራ_ኮሎራዶ
ከተፈረደ በኋላ ግን ይከፍላል ወይ? ደመወዙን ማስያዝ፣ ክሬዲቱን ማበላሸት ይቻላል ይባላል።

እህት_ከአርሊንግተን
እዚህ ላይ ተስፋ ልሰጣችሁ ብዬ አልዋሽም። ክሬዲት የሚለው ቀርቷል፤ ከ2017 ጀምሮ የፍትሐ ብሔር ፍርድ በክሬዲት ሪፖርት ላይ አይወጣም። ደመወዝ በብዙ ስቴት ይያዛል፤ የፌዴራሉ ጣራ ከተጣራ ገቢ 25 በመቶ ነው። ቴክሳስ ግን ለእንዲህ ዓይነት ዕዳ ደመወዝ አታስይዝም። የሚኖርበት ቤትም አይነካም። የሥራ መሣሪያም የተወሰነ ከለላ አለው፤ ስለዚህ ትራኩን አወርሳለሁ ብለህ አትነሳ። ትራኩ በኤልኤልሲው (በድርጅቱ) ስም ወይም በባንክ ዕዳ ተይዞ ሊሆንም ይችላል።

የሚቻለው የባንክ ሒሳብን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስያዝ ነው። ቼኩን አስቀምጥ ያልኩህ ለዚህ ነው። ፍርዱን በካውንቲው መዝገብ ካስመዘገብከው ደግሞ ከመኖሪያው ሌላ ያለውን ቤትና መሬት ሁሉ ይከተላል። ቴክሳስ ውስጥ ፍርድ 10 ዓመት ይቆያል፣ ይታደሳል፣ ወለድም ይታሰብበታል። ዛሬ ባይኖረው ከአራት ዓመት በኋላ ሊኖረው ይችላል። ባንክራፕሲ (የኪሳራ ማመልከቻ) ካስገባ ግን መጠየቅህን ወዲያው አቁም፤ መደወልም ቢሆን። ፍርድ ቤቱ የሚልክልህን ወረቀት ጠብቅ።

ይሄ ሁሉ ተደምሮ ወደ ጋሼ ምክር ነው የሚመልሰኝ። ደመወዝ በማይያዝበት ስቴት በፈቃዱ ፈርሞ የሚከፍል ሰው ከተፈረደበት ሰው ይሻላል። ክሱ ግን ከኋላ መኖሩን ማወቅ አለበት፤ ለዚህ ነው ደብዳቤው የሚያስፈልገው። አጭር ይሁን፦ መቼ ስንት ወሰደ፣ ስንት መለሰ፣ ስንት ቀረው፤ በ30 ቀን ውስጥ ይክፈል ወይም የክፍያ ፕሮግራም ይፈርም፣ ካልሆነ በሚኖርበት ካውንቲ ክስ ትመሠርታለህ። ስድብ የለ፣ የሰው ስም የለ። በሰርቲፋይድ ሜይል፣ የመቀበያ ፊርማ ያለበትን አድርገህ ላከው፤ ኮፒውን በቴሌግራምም ላክለት። ያልተስማማችሁበትን ወለድ አትጨምርበት።

አውሮራ_ኮሎራዶ
ጨርሶ ካልተከፈለስ? ለታክስ ይሆናል የሚል ሰምቻለሁ።

እህት_ከአርሊንግተን
ይሆናል፣ ግን ብድሩ በእርግጥ ብድር መሆኑን፣ ሙሉ በሙሉም ተስፋ የሌለው መሆኑን ማሳየት አለብህ። የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት አይአርኤስ እንዲህ ያለውን እንደ አጭር ጊዜ የካፒታል ኪሳራ ነው የሚያየው፤ ፎርም 8949 ላይ ከማብራሪያ ጋር ይሞላል። ከካፒታል ትርፍህ ይቀነሳል፤ የተረፈው ከሌላ ገቢህ ላይ በዓመት እስከ 3,000 ዶላር፣ ሌላው ወደሚቀጥለው ዓመት ይዛወራል። የምትሞላው ዕዳው ዋጋ ቢስ በሆነበት ዓመት ነው። ለጠየቅህባቸው ደብዳቤዎች ኮፒ ያዝ። በከፊል የተከፈለና ገና ሊከፈል የሚችል ብድር አይገባበትም፤ ስለዚህ ስልቨር ስፕሪንግ ገና አይመለከትህም።

ጋሼ_ከሚኒሶታ
ልጄ፣ ደብዳቤውን ከመላክህ በፊት አንድ ሳምንት ስጠኝ። ዳላስ የማውቀው ቄስ አሉ፤ የአበልጅህን ደብር በግል መልእክት ንገረኝ። ስምህን ሳላነሳ ማን እንደሚቀርበው ልጠይቃቸው።

ከስልቨር_ስፕሪንግ
ጋሼ ባሉት መንገድ ሄደን አሁን የደረስንበትን ልጻፍላችሁ። ሁለት ሰዎች ቤቱ ሄደው አነጋገሩት፤ አንደኛው ከድሬዳዋ ጀምሮ የሚያውቀው ነው። «ስንት አለብህ?» ሲሉት መጀመሪያ ዝም አለ፤ ኋላ ላይ ሚስቱ ናት «ከስምንት ሺህ በላይ» ያለችው። ትራኩን ባለፈው ዓመት መልሷል፣ አሁን ለድርጅት እየነዳ ነው። በወር 300 እችላለሁ ብሏል። ደውሎልኝም ነበር። ስለ ሽርክናው ወሬ ስጠይቀው አፍሮ ነው ያወራው፣ አልጨቀጨቅሁትም።

300ውን ተቀብያለሁ። በጽሑፍ ይሁን ስላቸው ሽማግሌዎቹ እሺ ብለዋል፤ እሱም አልተቃወመም። ምን ምን ይጻፍበት?

እህት_ከአርሊንግተን
ደስ ብሎኛል! ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ የአማርኛውን ከፈለጋችሁ አያይዙት። «ማርች 2022 ላይ 9,500 ዶላር ተበድሬ፣ ጁን 2024 ላይ 1,200 ከፍዬ፣ 8,300 ቀርቶብኛል» የሚለው በመጀመሪያው አንቀጽ ይግባ፤ ተበደርኩ የሚለው ቃል አይቅር። ክፍያው በየወሩ በስንት ቀን እንደሆነ ይጻፍ። በ300 ሂሳብ 28 ወር ይሆናል፤ የመጨረሻው ወር 200 ብቻ ነው። ሁለት ተከታታይ ወር ካለፈ የቀረው ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚከፈል ይሆናል የሚል መስመር ጨምሩ፤ ያለሱ የቀረህን ለመጠየቅ ወር በወር ልትጠብቅ ትችላለህ። በራሱ ስም ይፈርም እንጂ በኤልኤልሲው ስም አይደለም። ሚስቱ ብትፈርም ጥሩ ነው፣ ካልፈለገች ግን አታስገድዷት። ኖተሪ ግዴታ አይደለም፤ ቢኖር ፊርማውን አይክድም።

ወረቀቱን ለማስፈረም የመጀመሪያው 300 እስኪመጣ አትጠብቅ። ማርች 2026 ቅርብ ነው፤ እስከ ጃኑዋሪ አጋማሽ ካልፈረመ ደብዳቤውን ላክ።

ጋሼ_ከሚኒሶታ
ቄሱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያስፈርሙታል። ወረቀቱን እስከ ዓርብ ላክልኝ።